ሃምሳ ቫዮሊን፣ አንዲት አስተማሪ፣ አንድ የተሰረዘ በጀት

«ሚዩዚክ ኦፍ ዘ ሃርት» የተሰኘውን የ1999 ፊልም ያየ ሰው ታሪኩን እንዲህ ያስታውሰዋል። ትዳሯ የፈረሰባት እናት ሁለት ወንድ ልጆቿንና ሃምሳ ቫዮሊን ይዛ ኒውዮርክ ትገባለች። ድሃ ሰፈር በሚገኝ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ታስተምራለች። ሥራዋ ሊዘጋ ሲል የዓለም ስመ ጥር ሙዚቀኞች ይደርሱላታል። በመጨረሻም ተማሪዎቿ ካርኔጊ አዳራሽ መድረክ ላይ ቆመው ይጫወታሉ። ተመልካቹ እንባውን ይጠርጋል፣ ፊልሙም ያልቃል።

ታሪኩ በመሠረቱ እውነት ነው። ሴትየዋ ሮቤርታ ጓስፓሪ ትባላለች፤ ሜሪል ስትሪፕ ፊልሙ ላይ የተጫወተችው እሷን ሆና ነው። ፊልሙ በቅጡ ሳይመልሰው የሚያልፈው ጥያቄ ግን አለ። ከዓለም ሀብታም ከተሞች አንዷ በሆነችው ኒውዮርክ፣ አሥር ዓመት የሠራች፣ ወላጆች የሚመሰክሩላት፣ ልጆች ዕጣ ወጥቶላቸው ክፍሏ ለመግባት የሚጓጉላት አስተማሪ እንዴት በጀቷ ሊሰረዝ ቻለ? መልሱን ለማግኘት ከፊልሙ ወጥቶ ወደ ከተማዋ የሒሳብ መዝገብ መግባት ያስፈልጋል። (እዚህ ላይ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ስትከስር

በ1975 ኒውዮርክ ከተማ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ለኪሳራ አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር። ባንኮች ማበደር አቆሙ። የፌዴራሉ መንግሥት መጀመሪያ ላይ እጁን አልዘረጋም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ከተማዋ በሰዓታት ውስጥ ዕዳዋን መክፈል ሊያቅታት ሲል ያተረፋት ገንዘብ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። የመምህራን ማኅበሩ ከመምህራን የጡረታ ፈንድ 150 ሚሊዮን ዶላር ለከተማዋ ቦንድ መግዣ እንዲውል ተስማማ።

ምፀቱ ግን ከዚህ ይጀምራል። ከተማዋ በመምህራን የጡረታ ገንዘብ ከኪሳራ ብትድንም፣ ወጪ ለመቀነስ መቀስ ሲነሳ ትምህርት ቤቶችም አልተረፉም። በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ክፍሎች በተማሪ ተጨናነቁ። ርዕሰ መምህራን የሒሳብ አስተማሪ ወይስ የሙዚቃ፣ የንባብ ወይስ የሥዕል እያሉ እንዲመርጡ ተገደዱ። ምርጫው በአብዛኛው ወዴት እንዳጋደለ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

የዚህ ዓይነት ቅነሳ አንድ ጠባይ አለው፤ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። የንባብ አስተማሪ ሲጠፋ በዓመቱ መጨረሻ የፈተና ውጤት ያጋልጣል። የሙዚቃ አስተማሪ ሲጠፋ ግን የሚያጋልጥ ፈተና የለም። ቫዮሊን ይዞ የማያውቅ ልጅ ቫዮሊን እንደጎደለው አያውቅም፤ ስለዚህ አይጠይቅም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ አይመለስም።

ሮቤርታ ኒውዮርክ የደረሰችው ይህ ከሆነ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የሃምሳዎቹ ቫዮሊኖች ነገር

ሮቤርታ የተወለደችው በ1947 በኒውዮርክ ግዛት ሮም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቫዮሊን የጀመረችው በልጅነቷ ሲሆን ኮሌጅ ገብታም የሙዚቃ ማስተማር ሙያ አጠናች። ያገባችው የባሕር ኃይል ባልደረባ ስለነበር ኑሮዋ ከወደብ ወደ ወደብ ሆነ። ግሪክ በነበረችበት ጊዜ ልጆችን ለማስተማር ብላ ሃምሳ ቫዮሊኖች ገዛች። ትዳሩ ሲፈርስ ሀብቷ ልጆቿና እነዚሁ ሳጥኖች ነበሩ።

ሃምሳ ቫዮሊን ለምን እንዳስፈለገ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማብራራት ይገባል። ቫዮሊን እንደ ጫማ ቁጥር አለው። የስድስት ዓመት ልጅ የአዋቂ ቫዮሊን ብትይዝ ክንዷ አንገቱ ጫፍ ድረስ አይዘልቅም። ስለዚህ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ከዚያም የሚያንሱ መጠኖች ይሠራሉ። ልጁ ሲያድግ ቫዮሊኑም ይቀየራል። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ ይህን ሁሉ እየገዛ መዝለቅ ይከብደዋል። ትምህርት ቤት ግን የተለያየ መጠን ያላቸውን ቫዮሊኖች በአንድ ቁም ሣጥን ካስቀመጠ፣ ታላቁ ያደገበትን ታናሹ ይረከባል። እንደ ደብተርና እንደ ዩኒፎርም ከወንድም ወደ ወንድም ይተላለፋል። ሮቤርታ ይዛ የመጣችው እንግዲህ ሃምሳ ቫዮሊን ብቻ አልነበረም፤ ደሃ ልጆች ገንዘብ ሳይከፍሉ ቫዮሊን የሚማሩበትን ዘዴ ጭምር ነበር።

ቫዮሊኖቹን የሚቀበል ትምህርት ቤት ማግኘትም ዕድል ይጠይቃል። ሮቤርታ ያን ያገኘችው በምሥራቅ ሃርለም ነው። ሰፈሩ በብዛት የፖርቶ ሪኮ ተወላጆችና ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሰፈሩ የትምህርት ወረዳ በንባብ ውጤት ከከተማዋ 32 ወረዳዎች 32ኛ፣ ማለትም ውራ ነበር። ከዚህ በታች መውረጃ ስላልነበረ ይመስላል፣ የወረዳው ኃላፊ አንቶኒ አልቫራዶ መምህራን አዲስ ነገር እንዲሞክሩ በሩን ከፈተ። ዲቦራ ማየር የተባለች መምህርት በ1974 ሴንትራል ፓርክ ኢስት የተሰኘውን አነስተኛ የሕዝብ ትምህርት ቤት መሠረተች። ትምህርት ቤቱ ወላጅ የሚደመጥበት፣ መምህር ሐሳብ የሚያመጣበት ቦታ ሆነ። ማየር በኋላ በ1987 የማካርተር ሽልማት ያገኘችው በዚሁ ሥራዋ ነው።

ሮቤርታ ሥራ የጀመረችው በዚህ ትምህርት ቤት በተተኪ መምህርነት ነው። ልብ በሉ፤ ኋላ ለመጣው ችግር ይህም አንዱ ምክንያት ነው። ተተኪ መምህር ዛሬ አለ፣ ነገ ላይኖር ይችላል። ሥራው ቢያድግም፣ ወደ ሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶች ቢስፋፋም፣ የተማሪው ቁጥር ወደ 150 ቢደርስም መሠረቱ አሸዋ ላይ ነበር።

በዕጣ የሚገባበት ክፍል

ክፍሉን የሚፈልገው ልጅ ከቦታው ሲበዛ ሮቤርታ ፈተና አልሰጠችም። ዕጣ አወጣች። ስሙ የወጣለት ይገባል፣ ያልወጣለት በሚቀጥለው ዓመት ይሞክራል። «ጆሮ ያለው»ና «ጆሮ የሌለው» ልጅ የሚለይበት መለኪያ አልነበረም።

ይህ ከየዋህነት የመጣ አልነበረም። ከበስተጀርባው ሺኒቺ ሱዙኪ የሚባል ጃፓናዊ የቫዮሊን መምህር ሐሳብ አለ። ሱዙኪ በ1898 ናጎያ ከተማ የተወለደ የቫዮሊን ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ ጀርመን ሄዶ ተምሯል። መነሻው ቀላል ትዝብት ነበር። የጃፓን ልጆች ሁሉ ጃፓንኛ ይናገራሉ፤ ከመካከላቸው «ለቋንቋ ተሰጥኦ የለውም» ተብሎ ዝም የሚሰኝ የለም። ልጅ አፍ የሚፈታው ዕለት ዕለት ስለሚሰማ፣ ስለሚደጋግም፣ እናቱም ስለምታበረታታው ነው። ሙዚቃንስ እንዲሁ ብናስተምር? አለ። መጀመሪያ ማዳመጥ፣ ከዚያ መጫወት፣ ኖታ ማንበብ ከዚያ በኋላ። በ1958 በኦሃዮ በሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ አንድ አጭር ፊልም ታየ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጃፓናውያን ሕፃናት አንድ ላይ ቆመው የባኽን የሁለት ቫዮሊን ኮንቼርቶ ሲጫወቱ ያሳያል። አሜሪካውያን መምህራን ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። በ1964 ሱዙኪ ተማሪዎቹን ይዞ አሜሪካን ሲጎበኝ ዘዴው በአገሪቱ ተዛመተ።

ተሰጥኦ አስቀድሞ ተሰጥቶ ያለቀ ነገር ሳይሆን በልምምድ የሚያድግ ነው ብሎ የሚያምን አስተማሪ ዕጣ ማውጣቱ ተገቢ ነው። ዕጣው ለወላጆችም መልእክት ነበረው፤ የእናንተ ልጅ ይችላል፣ የጎደለው ቦታ እንጂ ችሎታ አይደለም የሚል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሥራ ግን ዕድልን የሚጠብቅ አልነበረም። ቫዮሊን ለጀማሪ ምሕረት የለውም። ጊታር ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚለዩ መስመሮች አሉት፤ ቫዮሊን የለውም። እንደ ማሲንቆ ነው፤ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ጣትና ጆሮ ተባብሮ ነው። ጣት በጥቂቱ ከሸሸ ድምፁ ይበላሻል። ደጋኑ ካዘነበለ ይንቋረራል። ስለዚህ ጀማሪው የእግር አቋቋሙን፣ የአገጩን አቀማመጥ፣ የደጋን አያያዙን ደጋግሞ ይለማመዳል። ሮቤርታ በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር። በኋላ የተሠራባት ዘጋቢ ፊልም ጥብቅ፣ ድምፅዋን ከፍ የምታደርግ፣ የዘገየን የምትገሥጽ፣ የሠራን ደግሞ ከልብ የምታመሰግን ሴት ያሳያል። «ለደሃ ልጅ ይህም በቂ ነው» የሚል አዘኔታ አልነበራትም። ሰፈሩ ያከበራት ለዚህ ይመስላል። ዝቅ ያለ መለኪያ ተሰጥቶት የኖረ ሰፈር ከፍ ያለ መለኪያ የሚያመጣለትን ሰው ቶሎ ያውቃል።

1991

በ1991 ኒውዮርክ እንደገና የገንዘብ ችግር ገጠማት። አሁንም መቀስ ተነሳ። የቫዮሊን ትምህርቱ በጀት ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ውሳኔውን የወሰኑትን ሰዎች ክፉ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ ሆኖም ፍትሐዊ አይሆንም። የተማሪው ንባብ ደካማ ሆኖ፣ መስኮቱ ተሰብሮ፣ ክፍሉ ተጨናንቆ ሳለ ገንዘቡ ለቫዮሊን ይሁን ማለት ለአንድ የበጀት ሹም ከባድ ነው። «መጀመሪያ ዳቦ» የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም።

ክርክሩ የሚዘለው አንድ ነገር ግን አለ። ከትምህርት ቤቱ ጥቂት ብሎኮች ወደ ደቡብ ሲወረድ ከአሜሪካ ሀብታም ሰፈሮች አንዱ ይገኛል። እዚያ ያሉ ወላጆች የሕዝብ ትምህርት ቤታቸው የሙዚቃ አስተማሪ ሲያጣ ገንዘብ አዋጥተው ይቀጥራሉ፤ ወይም ልጃቸውን ለግል አስተማሪ ይሰጣሉ። በመሆኑም በጀቱ ሲሰረዝ ቫዮሊን ከኒውዮርክ ልጆች ሁሉ እጅ አልወጣም። የወጣው ከምሥራቅ ሃርለም ልጆች እጅ ነው። ለሁሉም እኩል የመጣ የሚመስል ቅነሳ የሚያርፈው አማራጭ በሌለው ላይ ብቻ ነው። «ተጨማሪ ትምህርት» የሚለውም ቃል ለአንዱ ልጅ ተጨማሪ፣ ለሌላው ደግሞ ያለ ትምህርት ቤቱ ከቶ የማይገኝ ነገር ማለት ነው።

ሮቤርታ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆና «ኦፐስ 118» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች። ገንዘብ ማሰባሰብ ተጀመረ። ከደጋፊዎቹ አንዷ የፎቶግራፍ ባለሙያዋ ዶሮቴያ ፎን ሄፍተን ነበረች፤ ባለቤቷ አርኖልድ ስታይንሃርት ደግሞ በዓለም የታወቀው የጓርኔሪ ኳርቴት ቀዳሚ ቫዮሊኒስት ነበር። በእነሱ በኩል ጥሪው አይዛክ ስተርን ጆሮ ደረሰ፣ ኢትዝሃክ ፐርልማን ጆሮ ደረሰ።

በኦክቶበር 1993 «ፊድልፌስት» የተሰኘው ኮንሰርት በካርኔጊ አዳራሽ ተካሄደ። የምሥራቅ ሃርለም ልጆች ቫዮሊናቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ከስተርን፣ ከፐርልማንና ከሌሎች ስመ ጥሮች ጎን ቆሙ።

ስተርን በዚያ መድረክ ላይ መገኘቱ ራሱ ታሪክ አለው። በ1891 የተከፈተው ካርኔጊ አዳራሽ በ1960 ሊፈርስና ቦታው ላይ ሌላ ሕንፃ ሊቆም ነበር። ዘመቻውን መርቶ ያተረፈው ስተርን ነው፤ ከተማዋም ሕንፃውን በ5 ሚሊዮን ዶላር ገዛችው። እንግዲህ ያ መድረክ ያኔም የተረፈው የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበት ነው። ከተማዋ አዳራሹን ስትገዛ «ሙዚቃ ቅንጦት ነው» አላለችም። አዳራሹን በወደፊት ሙዚቀኛና በወደፊት ታዳሚ የሚሞሉት ልጆች ጋ ሲደርስ ግን ገንዘቡ አለቀ።

ከጭብጨባው በኋላ

ኮንሰርቱ ትምህርቱን አተረፈ። ዘጋቢ ፊልም ሠሪው አለን ሚለር የልጆቹን ጉዞ «ስሞል ወንደርስ» በሚል ርዕስ ቀርፆ ለኦስካር ታጨ። ከዚያ የሆሊውዱ ፊልም መጣ። ዳይሬክተሩ ዌስ ክሬቨን በአስፈሪ ፊልሞች የሚታወቅ መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል። ስትሪፕ ለሚናው ስትል ለሁለት ወራት ያህል በየቀኑ ለሰዓታት ቫዮሊን ተለማመደች፤ እሷም ለኦስካር ታጨች። ሮቤርታ ስሟ በዓለም ናኘ፤ እሷ ግን ወደ ክፍሏ ተመልሳ ማስተማሯን ቀጠለች። ኦፐስ 118ም ራሱን የቻለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሆነ።

አንድ ሰው ይህን ሰምቶ «እነሆ፣ ጥሩ ሥራ ሁልጊዜ ደጋፊ አያጣም» ሊል ይችላል። ከታሪኩ ይህን ትምህርት መውሰድ ግን አደገኛ ነው። በእነዚያው ዓመታት በዚያችው ከተማ የሙዚቃና የሥዕል አስተማሪዎች በብዛት ከሥራ ወጥተዋል። ሁሉም ባሏ ስመ ጥር ቫዮሊኒስት የሆነ ወዳጅ አልነበራቸውም። ሁሉም ካርኔጊ አዳራሽን በወዳጅ በኩል መጠየቅ አይችሉም። ፊልም የተሠራው ስለተረፈችው ነው፤ ስላልተረፉት ማን ይሠራል? ልጆቹ በዕጣ ክፍል ሲገቡ ቆይተው፣ በመጨረሻ ክፍሉ ራሱ በዕጣ ተረፈ።

የከተማዋ ቀጣይ ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1997 የኒውዮርክ አስተዳደር ለሥነ ጥበብ ትምህርት ብቻ የሚውል ገንዘብ ለየትምህርት ቤቶቹ መመደብ ጀመረ። ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ታጥሮ ስለነበር በብዙ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ ተመለሰ። በ2007 አጥሩ ተነሳ። ርዕሰ መምህራን ገንዘቡን በፈለጉት ላይ እንዲያውሉት ተፈቀደ። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የሚመዘነው በዋናነት በንባብና በሒሳብ ፈተና ነበር፤ ስለዚህ ገንዘቡ ወደሚመዘነው ነገር ፈሰሰ። በ2014 የከተማዋ ዋና ኦዲተር ባወጣው ሪፖርት ከሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ 20 በመቶዎቹ የሙሉ ጊዜም ሆነ የትርፍ ጊዜ የሥነ ጥበብ መምህር አልነበራቸውም። ከእነዚህ ውስጥ ከ42 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት በሁለት አካባቢዎች፣ በደቡብ ብሮንክስና በማዕከላዊ ብሩክሊን ነበር። ሁለቱም ድህነት የጠናባቸው ሰፈሮች ናቸው። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ከተማዋ ለዘርፉ 23 ሚሊዮን ዶላር ጨመረች።

አቅጣጫውን ልብ ይሏል። 1975፣ 1991፣ 2007፣ ሦስቱም ጊዜ የተቆረጠው ያው ነገር ነው፤ የተጎዱትም እነዚያው ሰፈሮች ናቸው። ከፊልሙ በፊትም፣ ከፊልሙ በኋላም።

ጀግና ለምን አስፈለገ?

የሮቤርታ ጓስፓሪ ሥራ በሦስት ነገር ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ ሲያድግ ለሌላ የሚተላለፍ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ለሙከራ በሩን የከፈተ ትምህርት ቤት። ሦስተኛው ትምህርቱ በመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውስጥ ስለነበር፣ ወላጁ ሥራ ውሎ ልጁን ማምጣት የማይችልም ቢሆን ልጁ መማሩ ነው። ከሦስቱ አንዱም ተአምር አይደለም፤ ሁሉም በበጀት ሊደገፍ፣ በሌላ ትምህርት ቤትም ሊደገም ይችል ነበር። ሊደገም የማይችለው ስተርንና ፐርልማን መምጣታቸው ነው። ከተማዋ ሊደገም የሚችለውን ሰርዛ ሊደገም የማይችለውን አጨበጨበችለት።

ለአስተማሪ «ጀግና» የሚል ስም መስጠት ክብር ይመስላል፤ ነውም። ሆኖም አንድ አስተማሪ መደበኛ ሥራዋን ለመሥራት ጀግና መሆን ካስፈለጋት፣ መንግሥት ያልሠራው ሥራ አለ ማለት ነው። ሃኪም መድኃኒት በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ሲያክም እናመሰግነዋለን፤ ግን ወዲያው «የሆስፒታሉ በጀት የት ሄደ?» ብለን እንጠይቃለን። የቫዮሊን አስተማሪ ቫዮሊኑን ይዛ መጥታ፣ ደመወዟን በኮንሰርት ስታሰባስብ ግን ጥያቄው ይረሳል፤ የሚቀረው ጭብጨባው ብቻ ነው።

የባኽ የሁለት ቫዮሊን ኮንቼርቶ አሠራር ቅብብሎሽ ነው። አንዱ ቫዮሊን ዜማውን ይጀምራል፤ ሌላው ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ተቀብሎ ይገባል፤ ከዚያ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ካልገባ የመጀመሪያው ብቻውን ይቀራል፤ ቆንጆ ቢሆንም ያ ሥራ ግን አይደለም። ምሥራቅ ሃርለም ውስጥ የመጀመሪያው ቫዮሊን በ1980 ገደማ ጀመረ። ተቀብሎ መግባት የነበረበት የትምህርት ቦርዱ ነበር።